የቀጮ ካሴቶች

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2001

አልሰጥም አልኳት። ሦስቴ ጠየቀችኝ፣ ሦስቴም አልሰጥም።

ልጄ ሣራ ናት። የእናቷን ነጠላ ልትወስድ መጥታ ቁም ሣጥኑን ስትበረብር ካሴቶቹን አገኘቻቸው። ሁለት ናቸው። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አመጣቻቸው፣ የሞተ አይጥ ይመስል።

«አባዬ፣ ይሄ ዘፈን አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እጅህን አንስተህ ጌታን ተቀብለህ፣ ዘፈን ቤትህ አስቀምጠህ?»

እጄንስ አንስቻለሁ። ያለፈው ወር፣ እሑድ፣ ቸርች ውስጥ። ከልቤ ነው፣ ማንም አልጎተተኝም። ካሴት አስረክባለሁ ብዬ ግን አይደለም ያነሳሁት። እነሱ ዘንድ ልማድ አለ። አዲስ ያመነ ሰው ቤት ተሰብስበው ይመጡና ይጸልያሉ። የዘፈን ካሴት ካለው ያወጣል፣ ወንጌላዊው ይሰብረዋል፣ ሁሉም ሃሌ ሉያ ይላል። ቅዳሜ የኔ ተራ ነው።

ሣራ በሩ ላይ ቆመች። «ካሴቶቹን ካልሰጠህ ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም፣ እወቀው» አለች። እያለቀሰች ወደ ቤቷ ወደ ፕሪንስዳል ሄደች። እኔ ካለሁበት ከሮምሶስ ፕሪንስዳል የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ካልመጣች ካልመጣች ነው፣ መንገድ ላይ የምንገናኝ ሰዎች አይደለንም።

ትሂድ። እሷ የምትሠራልኝን ሾርባ መሥራት እኔም አያቅተኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

የምስር ሾርባው አረረ። ድስቱን በረዶ ላይ አወጣሁት።

ቫይትቬት ሴንተር፣ የገበያ አዳራሹ ካፌ ወረድኩ። እድሪስ እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እድሪስ ኤርትራዊ ነው። አስመራ፣ አሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር አብረን ሠርተናል። እሱ ወጥ ቤት ድንች ሲልጥ እኔ የሬዲዮ ጣቢያቸውን ወለል እወለውል ነበር።

የሣራን ነገር ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«ተሰማ፣ ሃይማኖት ቀይረህ ቀጮን መቀየር አቃተህ?»

ቀጮ ያልነው አንድ ወታደር ነው። የዛሬ ስሙን ፈረንጅ ሁሉ ያውቀዋል። ያኔ ግን ልጅ እግር ነበር፣ ሱሪው ከወገቡ የሚንሸራተት። ማለዳ ማለዳ ጊታሩን ይዞ ይመጣና ለወታደሮቹ በሬዲዮ ይዘፍናል፣ ያንን የገጠር ዘፈናቸውን፣ ካንትሪ የሚሉትን። አገሩ ገብቶ ትልቅ ሰው ሆነ። ሰፊ ባርኔጣ አደረገ። ወፈረም።

እድሪስ ሰሞኑን በቴሌቪዥን አይቶታል። የኖርዌይ ቋንቋ፣ ኖርስክ፣ ከኔ ይሻላል፣ ከሥር የሚጻፈውን ያነባል። ሸምግሏል አለኝ። ጠያቂው በሬዲዮ ስለዘፈናቸው ስለ መጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ሲጠይቀው፣ አንድም አልተረፈም፣ ጣቢያው ሲዘጋ ሁሉንም ጣሏቸው ብሏል አለኝ።

አልተረፈም ይበል! የኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ሊሄድ ሲል ራሱ ቀድቶ የሰጠኝን ረስቶታል። ስጠኝ ብዬው አይደለም። መጥቶ እጄ ላይ አስቀመጣቸው፣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፣ ሄደ።

«ለመሆኑ ምን እያለ ነው የሚዘፍነው?» አለ እድሪስ።

«እንጃ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ሰምተህ?»

«እየዘፈነልኝ እንጂ እያስተማረኝ አይደለም» አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሣራ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ቴፑ አንዱን ካሴት በላው። በእጄ ክሩን ቀስ ብዬ ከጎማው ላይ ፈታሁት፣ ከዚያ እርሳስ አስገብቼ ጠመዘዝኩ። ከጠዋት እስከ ምሳ ይሄንኑ ስሠራ ዋልኩ። አንድ ቦታ ላይ ተጨማድዷል። እዚያ ሲደርስ የቀጮ ድምፅ እንደ በረደው ሰው ይንቀጠቀጥና ያልፋል። ይሁን። ያልፋል፣ ዋናው እሱ ነው።

ሚስቴ የሺ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቀጮን አትወደውም ነበር። ይጮህባታል። ሃይማኖቷ ደግሞ ከሣራ ይጠብቅ ነበር። ሆኖም እሷ ስትጸልይ እኔ ቴፕ አልከፍትም፣ እኔ ስከፍት እሷ በረንዳ ትወጣለች፣ በክረምትም ቢሆን ካፖርቷን ደርባ። እንዲህ ሆነን ኖርን። ማንም ማንንም አልሰበረም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ወንጌላዊ ዮናታን መጣ። ሣራ ናት የላከችው። ጨዋ ሰው ነው፣ ሆስፒታል ይሠራል፣ እንግሊዝኛ ጠንቅቆ ያውቃል። ጫማውን አውልቆ ገባና፣ «አባባ፣ ከመፍረዴ በፊት ልስማቸው» አለኝ። ይሄን ወደድኩለት።

አንደኛውን ከፈትኩለት። ትንሽ ሰማ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ አብሮ ማንጎራጎር ጀመረ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ መዝሙር ነው! የእሑድ ማለዳ ዝግጅት ነው። ስለ መስቀሉ ነው የሚዘምረው!»

እሱ ደስ አለው። እኔ አልተደሰትኩም። ዘፈን ብዬ ነው የወደድኩት።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄኛው መጠጥ ነው፣ አባባ። መጠጥና የሰው ሚስት።» ቆይቶ ደግሞ፣ «ግን ጌታ መንገድ ከፍቷል። መዝሙሩ ይቀመጥልዎት። ቅዳሜ ይሄኛውን ብቻ እንሰብራለን።»

«ቆይ» አልኩት። ወደ ኋላ መለስኩና እንደገና አጫወትኩለት። «ይሄ ኳ፣ ኳ የሚለው ይሰማሃል?»

«ከበሮ ነው?»

«ባልዲዬ ነው።»

ነገርኩት። ጣቢያው ውስጥ ቀይ መብራት ከበራ ሁሉም ባለበት መቆም አለበት፣ ድምፅ ማሰማት የለም። እኔም መወልወያዬን ይዤ እንደ ምሰሶ እቆማለሁ። አንድ ማለዳ ቀጮ እየዘፈነ እግሬ ባልዲውን መታው። አለቃው በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠብኝ፣ ዛሬ እንጀራዬ ተቆረጠ አልኩ። ቀጮ ግን ሳቀ። ዞሮ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ በአገጩ ጠቆመኝ፣ ምታው ማለቱ ነው። መታሁት። ደግሞ ሲደርስ፣ ደግሞ መታሁ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አብሬው ሠራሁ። ያ ሁሉ ነጭ ወታደር በየክፍሉ የኔን ባልዲ ሰማ። በዕድሜዬ ድምፄ የተሰማበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው።

ዮናታን ወደ ቴፑ አየ። «ቢሆንም አባባ፣ ቃሉ...»

«ቃሉ የቀጮ ነው። እኔ ባልዲ ነው የመታሁት። መስበር ካማረህ መዝሙሩን ስበር፣ እዚያ ውስጥ እኔ የለሁም።»

ደነገጠ። እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ሲሄድ ጌታን ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ነገሩ ይገባዋል። ቃሌን ግን አላነሳሁም።

አርብ፣ ጥር 22

ደወለች።

«አባዬ፣ አንዱን ትቶልሃል እኮ። አንዱን ብቻ ስጥ፣ በሞቴ!»

«በሞቴ አትበዪኝ። የሚፈልገው እኔ ያለሁበትን ነው።»

«ባልዲ! ለባልዲ ብለህ ነው ከኔ የምትጣላው?»

«አልተጣላሁም። አልሰጥም ነው ያልኩት።»

«እማዬ ብትኖር ታፍርብህ ነበር።»

«እናትሽ በረንዳ ትወጣ ነበር እንጂ አትሰብርም ነበር።»

ዘጋችው።

ቤቱን ወለወልኩ። ተጣላንም አልተጣላንም እንግዳ እንግዳ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ስድስት ሆነው መጡ። ሣራ የለችም። እየቆጠርኩ ነበር በር ላይ፣ አላየሁም እንዳልል።

ሻይ አቀረብኩ። ዮናታን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ አባባ» አለ። ተነሣሁ።

«አልሰጥም። ልትጸልዩ ከመጣችሁ ቤቱ የእናንተ ነው፣ እኔም አብሬ እጸልያለሁ። እጄን አንስቻለሁ፣ አላወርድም። ካሴቱም ከዚህ አይወጣም።»

አንዱ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው፣ «ይሄ ግትርነት ነው» አለ። ነው እንዴታ።

ወይዘሮ አበበች የምትባል የየሺ ባልንጀራ ናት ያዳነችን። «ዮናታን፣ በል መጽሐፉን ግለጥ» አለች፣ «የመጣነው ለሰውዬው ነው፣ ሻዩም እየቀዘቀዘ ነው።» ጸለዩ። ሃሌ ሉያዋን ትንሽ ቀነስ አደረጓት፣ ግን አሏት።

ሲወጡ ወይዘሮ አበበች ጆሮዬ ላይ፣ «ሣራ ታች መኪናዋ ውስጥ ናት። አብራን መጥታ አልወጣም ብላ ነው» አለችኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ! በዚህ ብርድ!

ካፖርቴን ደረብኩ። ባልዲዬ ያለበትን ካሴት ኪሴ ከተትኩት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻውን ልተወው አልፈለግሁም። በሄይሱ፣ በአሳንሰሩ፣ ወረድኩ። መስኮቷን አንኳኳሁ። ትንሽ ዝቅ አደረገችው።

«ሰጠኸው?»

«አልሰጠሁም።»

ዓይኗ አብጧል። ብርዱ ጆሮዬን ይቆርጠዋል።

«ግባ እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ «ጉንፋን ይዞህ ደግሞ እኔኑ ታስለፋኛለህ።»

ገባሁ። አልነዳችም፣ ሞተሩንም አላጠፋችም። አልፎ አልፎ ኪሴን ታያለች። አራት ማዕዘኑ በካፖርቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔም አልሸፈንኩትም።

ነገ ምን እንደምትል እንጃ። እያየችው ግን ማሞቂያውን ወደ እኔ አዞረችው።