ነጩ ሰሃን የጠፋበት ሜትር

ኦህሪድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2006

ለምወድህ ልጄ ለናውም፣

እንዴት ከረምክ? እዚያ ማልሞ ብርዱ ገብቷል አሉ። እኔ ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ግን አቅቶኛል። ይህችን ደብዳቤ ከጀመርኩ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ምድጃውን አይቻለሁ፤ ምድጃው ላይ ምንም የለም። ዘንድሮ አይቫሩን፣ የክረምቱን የበርበሬ ድልህ፣ የሠራችልኝ ጎረቤቴ ሮድና ናት። እኔ በርበሬውን ስጠብሰው አሳረርኩት።

ነገሩን አልዞርበትም ብዬ ተቀምጬ ይኸው እየዞርኩት ነው። ሰኞ ዕለት ዓይኔን ልታይ ቢቶላ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ያንተ እኩያ ናት። በብርሃን አየችኝና «ፕሮፌሰር፣ ሁለቱም ዓይንዎ ላይ ሞራ አለ። የቆየ ነው፤ ስድስት ሰባት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። እንዴት ሳይታወቅዎ ቀረ?» አለችኝ። እኔ ዓመቱን እየቆጠርኩ ነበር። ሐይቁ መደፍረስ ጀመረ ብዬ የጻፍኩት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ያንተ የዓሣ ማርቢያ መረቦች ውሃ ላይ በተዘረጉ በዓመቱ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሳምንቱ፣ ቀትር ላይ፣ የውሃውን ጥራት ለመለካት ነጩን ሰሃን በገመድ አውርጄ ከዓይኔ የተሰወረበትን ሜትር እጽፋለሁ። ከአሥራ አራት ወደ ዘጠኝ ወረደ ብዬ መጽሔት ላይ አወጣሁ። የሐይቁ ጥበቃ ኮሚቴም የዛሬ ሁለት ዓመት ያችን ቁጥር ይዞ መረቦችህን አስነሣ። ማዶ ዳርቻ፣ ያንተ ዓሣ በማይደርስበትም ቦታ ልኩ ሲወርድ፣ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን «ቆሻሻው ሐይቁን አዳረሰው» ብዬ ጻፍኩ። ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት፣ ናውም። ለልጇ እንኳ አታዳላም እንዲሉልኝ።

ትናንት ጀልባ ቀዛፊዬን ክሊሜን ይዤ ሐይቁ ላይ ወጣሁ። ሽማግሌው አሁንም ይቀዝፋል፣ አሁንም ይነጫነጫል። ሐኪሟ ያለችኝን ስነግረው መቅዘፊያውን አስቀመጠ።

«ፕሮፌሰር፣ አንቺ ጠፋ ስትዪ እኔ እኮ ሰሃኑ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን አፍህን ያዘህ?»

«ራስሽ አይደለሽ እንዴ ‘ሰሃኑ ሲወርድ የተነፈሰ ከጀልባ ይወርዳል’ ያልሽው? ናውምን፣ የወለድሽውን ልጅ፣ ስታወርጂው አይቼ እኔ ልናገር? እኔ ደግሞ ዋና አልችልም!»

ደንቡን ያወጣሁት የሰው ወሬ ዓይኔን እንዳያታልለው ብዬ ነበር። ያን ቀን ጀልባዋ ላይ አጠገቤ ጎንበስ ብለህ «እማ፣ ገና ነው፣ ይታየኛል እኮ!» ስትለኝ፣ «አንተ ባለጉዳይ ነህ፤ ዓይንህ የሚያየው መረብህን ነው» ብዬህ ዳር ላይ አስወረድኩህ። ዞር ብለህ ሳታየኝ ነበር ዳገቱን የወጣኸው።

«ዛሬ ተናገር» አልኩት ክሊሜን። ሰሃኑ ዘጠኝ ሜትር ላይ ጠፋብኝ። «አለ» አለ። አሥር፣ «አለ»። አሥራ አንድ፣ «አለ ስልሽ፣ ልቀቂው!» እኔ ምንም ሳይታየኝ ገመድ እለቃለሁ። አሥራ ሦስት ተኩል ላይ «አሁን ሄደ» አለ።

ጀልባዋ ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ክሊሜ የራኪያ አረቄውን አቀበለኝና «በይ ተይ፣ ውሃው ንጹሕ ነው ተብሎ ይለቀሳል እንዴ?» አለኝ።

ሐኪሟ በሚቀጥለው ሳምንት ልትቀድደኝ ነበር። ለዓመት አስተላለፍኩት። አበደች አትበል። ሞራው ከተነሣ፣ ዓይኔ ምን ያህል እንደሰረቀኝ የምለካበት ነገር አይኖረኝም። አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ እሱ በራሱ ዓይን እኔ በራሴ ዓይን አራቱንም ወቅት ብንለካ፣ ሁሉንም ባይሆን አንተን ያባረረችውን ቁጥር ማረም እችላለሁ። ክሊሜ ሰባ ዓመቱ ነው፤ ክረምቱን አይችለውም። ስለዚህ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው እየፈለግሁ ነው። ና አላልኩህም። ሥራህን ይዘሃል፣ ቤት ተከራይተሃል፣ ደግሞ በምን ፊቴ እልሃለሁ?

ማክሰኞ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ተናግሬ ጨርሻለሁ። የምናገረውን ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባት ጊዜ ቀደድኩት። «የመለኪያ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። «ያልተጠበቀ ምክንያት» አልኩ፤ እሱንም ቀደድኩት። አሁን የቀረኝ አንድ መስመር ነው። እንዳይጠፋብኝ በትልልቁ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ቆሜ አነበዋለሁ፦

«ልጄ አይቶ ነበር። እኔ አላየሁም።»

ቅዱስ ናውም በሄድክበት ይጠብቅህ፤ ጤናህን፣ እንጀራህን ይባርክልህ። ወፍራም ካልሲ አድርግ።

እናትህ
ዶንካ