ለሥራ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ውድ የትናየት፣

ጽጽቃ አክስትሽ ቤት ደህና ገባሽ? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ደህና አይደለሁም፤ አሞኛል እንዳልልሽ ደግሞ በሬ ጥሎ የሚነሳ ሰውነት ነው ያለኝ። ብቻ ግራ ገብቶኛል። እንዲህ ግራ ገብቶኝ አያውቅም።

ጻፍላት ያለችኝ ያስሚን ናት፣ የአለቃሽ የሸምሱ እህት። አሁን ባንቺ ወንበር የተቀመጠችው እሷ ናት። ወደ ጽጽቃ ዕቃ በሚጭነው አይሱዙ እልክልሃለሁ ብላኛለች። ፊደሉ ከጠመመ እለፊው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት የተወኝ። እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፣ የኔን ወገን አልሰማሽማ። ያን ቀን ሰቆጣ፣ ከሸምሱ ሱቅ ጎን፣ «ሥራና ሠራተኛ አገናኝ» የሚል ወደተለጠፈባት ክፍል ስመጣ ያሰብኩት ሌላ ነበር። እገባለሁ፣ ያዩኛል፣ «እንዲህ ያለ ጎበዝ እስካሁን የት ነበር?» ይላሉ፣ አለቀ። አንቺ ግን በሩ ላይ ጠረጴዛሽን ይዘሽ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ «የሥራ ልምድ?» አልሽኝ።

«ልምድ የለኝም። ሥራ ነው የምፈልገው።»

«ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል።»

«ልምዱ የት ይገኛል?»

«ሥራ ላይ ነዋ።»

«በይ ሥራውን ስጪኝና ልምዱን ላምጣልሽ።»

ያኔ ነው ቀና ያልሽው። እስቲ አሁን ፍረጂኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው? እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እንቁላሉን ያለ ዶሮ አምጣ፣ ዶሮዋን ያለ እንቁላል አምጣ ነው'ኮ ነገሩ።

ከዚያ «ምን ትችላለህ?» አልሽ። «ሁሉንም» አልኩ። «ሁሉን እችላለሁ ያለ አንዱንም አያገኝም፣ አንድ ምረጥ» አልሽኝ። ስለ ጅቡ የነገርኩሽ ያን ጊዜ ነው። በዱላ ብቻ ከበረታችን ያባረርኳቸው ሦስት ጅቦች። በዓይንሽ ብቻ አየሽኝ፣ ወደ ሁለት አወረድኳቸው። አሁንም አየሽኝ።

«እሺ አንድ ነው» አልኩ። «ግን ትልቅ ነበር።»

አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ ሳቅሽና «ጥበቃ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ዘበኛ ይፈልጋል አልሽኝ። ደስ ሲለኝ እንዳታዪብኝ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ያ ሥራ ለኔ ምን እንደሆነ አልነገርኩሽም፤ ስጎርር ነው የዋልኩት። የአባቴ መሬት ለወንድማማች ተካፍሎ የኔ ድርሻ አህያ እንኳ የማትንከባለልበት ሆኗል። ጓደኛዬ ቢያዝን በባሕር ሄደ። ጅቡቲ ገባሁ ብሎ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። እናቱ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ደወለልህ?» ትለኛለች። አሁን አሁን እሷን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። እኔ በባሕር ያልሄድኩት ፈርቼ አይደለም። እሺ፣ ፈርቼ ነው። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት። ኮምቦልቻ ከቀረ ግን የሚቀረኝ መንገድ ያው እሱ ነው።

ከዚያ ያን ነገር አልሽኝ። «ዘመድ ያልሆኑ፣ ጠባይህን የሚያውቁ የሦስት ሰዎች ስምና ስልክ ቁጥር ይዘህ ና።»

ያስሚን «በደንብ ሳይሰማሽ ነው» ብላ ልታስተባብልልኝ ትፈልጋለች። አይደለም፣ ሰምቼሻለሁ። ስምና ስልክ ነው ያልሽው። ግን ከሰቆጣ እስከ ቤቴ እስከ ደሃና ሳሰላስለው ሄድኩ። እንዴት ያለ ምስክር ነው በስልክ የሚመሰክር? እኛ ዘንድ የሚመሰክር ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ዓይኑ ይታያል። ስልክማ ማንም ይዋሽበታል፤ አልጋው ላይ ተኝቶ መንገድ ላይ ነኝ ይላል። ስለዚህ ሌላው ሥራ ፈላጊ ሁሉ ቁጥር ያምጣ፣ እኔ ሰዎቹን ከነዱላቸው አመጣለሁ አልኩ። ይህን ማን ያስባል? እኔ ብቻ።

ቄስ አሥራተ ማርያምን ለመንኩ፣ የደብራችን ቄስ ናቸው። አያ ገበያውን ለመንኩ፣ በድንበር የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚታረቅ። አያ ምሳውን ለመንኩ፣ አፋቸው ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። እሺ አሉኝ። ለገበያ ቀን ሰቆጣ ገባን።

እኔ ያላሰብኩት አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ አንድ ልጅ ሊለምኑ ሲሄዱ የሚያውቁት አካሄድ አንድ ብቻ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሶ ከደጅ መቆም፣ «እሺ» ሳይባሉ አለመቀመጥ። ሚስት ሆነ ሥራ ሆነ ለነሱ ልመና ልመና ነው። እኔንም «ልጁ አብሮ አይገባም፣ ነውር ነው» ብለው ሸምሱ ሱቅ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ አቆሙኝ። ማለት አንቺ በሩ ላይ ስታዪያቸው፣ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ሁሉንም እሰማ ነበር።

«ቁጭ በሉ እንጂ አባቶቼ» አልሽ።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ ቄሱ። «የመጣንበት እሺ ሳይባል አንቀመጥም።»

ሸምሱ እየሮጠ ወጣ። «አባቶች፣ ስማችሁንና ስልካችሁን ብትሰጡን ይበቃል'ኮ።»

«ስማችን ይኸው ቆሟል» አሉት አያ ገበያው። «እየው።»

አያ ምሳው ጀመሩ። «ይህ ወንዳወቅ የምንለው ልጅ ከሰው አይጣላም።»

«ካልነኩት» አሉ አያ ገበያው።

«ቢነኩትም ቶሎ ይበርድለታል።»

«እኔ ቄስ ነኝ አልዋሽም» አሉ ቄሱ። «ጉራው ብዙ ነው። የሰው ዕቃ ግን አይነካም። የታመመ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ አልጎረረም።»

ከስኳሩ ኋላ ሆኜ ያበጥኩትን ብታዪ ጆንያ ነው የምትዪኝ።

እሱን እየሰማሁ ነው ያ እልልታ የመጣው። አባትሽ ጋሽ ካሤ ከማዶ በረንዳው ላይ ሲሰፋ፣ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች አንዲት ሴት አሻግራ አይታ «ካሤ! ተነስ እንጂ! ልጅህ ላይ ሽማግሌ ቆሟል!» አለች። እልል አለች። ሽንኩርት ሻጮቹ ተቀበሏት። ከዚያ ገበያው በሙሉ። የሚገርምሽ፣ እኔም የማን ሠርግ ነው ብዬ አንገቴን ብቅ አደረግኩ።

አባትሽ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ተቆጥቷል እንዳልል ዓይኑ ይስቃል፤ ደስ ብሎታል እንዳልል ድምፁ ይቆጣል።

«ምነው አባቶቼ» አለ። «ቤት አለኝ'ኮ፣ በር አለኝ። የኔ ልጅ በሱቅ ደጅ ትጠየቃለች?»

ሦስቱም በቋንቋችን በኽምጣና አንድ ሁለት ቃል ተባባሉ። አንቺም አላረምሽውም። እኔ ዘልዬ ወጥቼ «ስለ ሥራ ነው!» ልል ነበር። ማንንም የማልፈራ ሰው ነኝ፣ ታውቂያለሽ። እግሬ ግን አልተነሳም።

«ቤትዎም እንመጣለን» አሉ ቄሱ። «ለክብርዎ።»

መንገድ ላይ ልፈነዳ ደረስኩ። «ምን አደረጋችሁኝ?» አልኩ።

«ምን አደረግንህ?» አሉ አያ ገበያው። «ለአንድ ሄደን ሁለት ይዘንልህ መጣን።»

«እኔ የላክኋችሁ ለሥራ ነው!»

«አንተ ልጅ ስማ። ያ ሁሉ ሰው እልል ካለ በኋላ ‹ልጅቱን አይደለም› ብንል ገበያው ምን ይላል? ‹ሽማግሌ መጥቶ አይቷት፣ ጥሏት ሄደ› ይላል። ከዚያ ማን ያገባታል? ለሥራህ ብለን የሰው ልጅ ስም መንገድ ላይ አንጥልም።»

አሁን ንገሪኝ፣ እዚህ ላይ ምን ይመለሳል? እውነታቸውን ነው። እኔም እውነቴን ነው። አባትሽም እውነቱን ነው። ሁሉም ሰው እውነቱን ሆኖ ነገሩ በሙሉ እንዴት ይበላሻል?

በማግስቱ ስመጣ የለሽም። ሽማግሌ የቆመላት ልጅ መልስ እስኪሰጥ ደጅ አትቀመጥም ብሎ አባትሽ አክስትሽ ጋ ላከሽ አሉኝ። ሥራ ልፈልግ መጥቼ ሥራሽን አስጣልኩሽ ማለት ነው? በረንዳው ድረስ ሄድኩ።

«ጋሽ ካሤ፣ ያ ነገር…»

ቀና አላለም። የስፌት መኪናውን ይረግጣል። «አንተ ልጅ፣ እኔና አንተ ወሬ የለንም። ነውር ነው። ሽማግሌዎችህ ይምጡ።»

«እሱን ልነግርዎት ነው'ኮ፣ ሽማግሌዎቹ…»

«ሱሪህ ተቀዷል» አለኝ። «እሱን ከሆነ አውልቅና ስጠኝ። ሌላ ከሆነ ሂድ።»

ሄድኩ። ሽማግሌ ሳልልክ አባትሽን ማናገር አልችልም፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ «አይደለም» ብለው አይናገሩልኝም። ጅብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ጅብ የት ላይ እንደሚመታ ይታወቃል።

ይህን ሳብሰለስል ስልኬ ጮኸ። ሸምሱ ነው። «አንተ ጉረኛ፣ አለፍክ» አለኝ። የኮምቦልቻዎቹ ስለ ሽማግሌዎቹ ሲነግራቸው እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ከዚያ «ሦስት ሽማግሌ በእግሩ የሚሄድለት ሰው ዕቃችንን አይሰርቅም፣ ላከው» አሉ። ሰኞ ጠዋት በመኪና እሄዳለሁ።

መጮህ ነበረብኝ፣ መፎከር ነበረብኝ። አልፎከርኩም። ሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ያስሚን ሻይ ሰጠችኝና «ምነው፣ ሥራ አገኘህ አይደል?» አለች።

«አገኘሁ።»

«ሚስትም እያገኘህ ነው።»

«እሱ ነው ግራ የገባኝ። አባቷ እሺ ይላል? ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ? ልሂድ ወይስ ልቅር?»

አየችኝ አየችኝና «አንተ ድንጋይ» አለችኝ። «አባቷ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ገበያው፣ አንተ። እሷን ማን ጠየቃት?»

የትናየት፣ እውነቴን ነው፣ አልመጣልኝም ነበር። ስላንቺ ሳስብ ነው የሰነበትኩት፤ አንቺን መጠየቅ ግን አልመጣልኝም። ይህን ስጽፍልሽ ጆሮዬ ይግላል።

እንግዲህ ልጠይቅሽ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባትሽ ቤት ይሄዳሉ። አባትሽ «የልጄን ቃል ሳልሰማ መልስ አልሰጥም» ብሏል፣ ያስሚን ናት የነገረችኝ። ስለዚህ ነገሩ አንቺ እጅ ላይ ነው። እሺ ካልሽ፣ ኮምቦልቻ ሄጄ ሠርቼ እንደ ሰው እመጣለሁ፤ ወንበርሽንም ማንም አይከለክልሽም፣ እኔ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። እምቢ ካልሽም እሺ። የቱን እንድትዪ እንደምፈልግ ከጠየቅሽኝ አላውቅም። አንዳንዴ ያ እልልታ ጆሮዬ ውስጥ ይመጣና ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ እደነግጣለሁ። ይህ መውደድ ይሁን መደንገጥ የሚለይልኝ አላገኘሁም።

እምቢ የምትዪ ከሆነ ግን ስሚኝ። አያ ገበያውን ጠይቄያለሁ። ልጅቱ በወንዱ ጥፋት እምቢ ካለች እሷ ላይ ነውር የለም፤ የገበያው ሰውም «እሰይ አመለጠች» ነው የሚል። ስለዚህ በኔ አሳቢ። ጉረኛ ነው በዪ፣ ቄሱ ራሳቸው መስክረዋል። ውሸታም ነው በዪ፣ ጅቦቹን ቁጠሪላቸው። ይጠጣል በዪ፣ ያልተማረ ነው በዪ፣ በባሕር መሄድ የፈራ ፈሪ ነው በዪ፤ እሱን ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ፣ ግን ከጠቀመሽ አውጪው፤ ለማንም ንገሪ። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ስሜን የሚሰማ ጎረቤት የለኝም። አንቺ ወንበርሽ ላይ ተመለሺ።

ጉልበት የለውም ብቻ እንዳትዪ። እሱን ማንም አያምንሽም።

ወንዳወቅ ነኝ፣ ከደሃና