ዋሻው ውስጥ ስለቀረችው ሊና፣ ለጉዞ ኮሚቴው ሊቀመንበር

ለክቡር ጋሼ መኳንንት፣
የማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ቤድፎርድ

ጉልበትዎ፣ ደም ግፊትዎና ማይክሮፎንዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የግራንድ ፕሬሪው ባስልዮስ፣ በእርስዎ አጠራር «ያ ቀልደኛ»፣ ተመስገን ደህና ነኝ፤ የዘጠኝ ዓመት እህቴ የሊናም ልብስ ደርቆላታል።

በማኅበሩ ዋትሳፕ ላይ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ይዘው እዚያው ዋሻ እንደሚመለሱ ስለለጠፉ ነው። ሶ፣ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እነሆ፦

1. ሰባት ሰዓት በባስ ወስደው ባሕር ስላሳዩን እናመሰግናለን። በገደሉ ጫፍ የሚሄደው የእግር መንገድ ውብ ነው አሉ፤ እርስዎ «ቶሎ፣ ቶሎ» እያሉ ስለነዱን እኔ ያየሁት የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ነው።

2. ዋሻው ደጃፍ የተጻፈውን ታሪክ፣ ማለቴ አባቷን ስትጠብቅ ባሕር ስለወሰዳት የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሚወራውን፣ አርባ ደቂቃ ስለተረጎሙልን እናመሰግናለን። ጽሑፉ አራት መስመር ነበር። መሐረብዎ እስኪርስ አለቀሱላት። እርስዎ ሲያለቅሱ ሊና ዛጎል ልትለቅም ወደ ውስጥ ገባች፤ የባሕሩም ውሃ ዋሻውን መሙላት ጀመረ።

3. ባሱ ሊነሳ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ «እንቁጠር» ቢሉ፣ «ሰው እንደ ከብት አይቆጠርም» ብለው ወጋችንን ስላስከበሩ እናመሰግናለን። በምትኩ «ሁላችንም አለን?» ብለው ጠየቁ። ያለነው «አለን» አልን። የሌለችው ዝም አለች፤ ጨዋ ልጅ ናት።

ሃያ ደቂቃ እንደነዳን እትዬ ጥሩወርቅ ለልጆቹ ብርቱካን ሲያድሉ አንድ ተረፈ። እርስዎ ያልቆጠሩትን ብርቱካኑ ቆጠረው። ስንመለስ ሊና ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ ጫማዋን ይዛ፣ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አርፎ መቀመጥ አቅቶኛል፤ የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር ሰው እቆጥራለሁ፣ የማላውቀውንም ጭምር። ስለዚህ ቅዳሜ ስም ከወረቀት ይጠራ፤ እያንዳንዱ ልጅ በገዛ አፉ «አቤት» ይበል። ከብት መምሰሉን እኛ እንችለዋለን።

ከወንበሬ ብድግ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ደግሞ ብድግ እያልኩ፣
የማይታመነው ታዛዥዎ
ባስልዮስ

ማስታወሻ፦ ያን ቀን ባሱ ሊነሳ ሲል እኔን ለይተው «ሊናስ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ኪሴ ውስጥ ናት» አልኩ። ባሱ ሳቀ፣ እርስዎም ሳቁ፣ ለሹፌሩም «ንዳው» አሉት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ቀልዴ ስቀው የማያውቁ ሰው፣ ምነው ያን ቀን ባይስቁልኝ።