ሳን ፔድሮ ምሽግ ላይ ማንም ያልተከራከረኝ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ዘነበች፤

ሞትሽን ስምንት ቀን ደበቁኝ። አገር ቤት ስደውል «ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» አሉኝ። ቀብርሽ ላይ አልቆምኩም፣ ድንኳንሽ ውስጥ አልተቀመጥኩም። ይህን ያስደረጉት ልጄ ሰናይትና የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ጌታሁን ናቸው። መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ።

ከተለየሽን ሰባት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። ታክሲ መንዳት ካቆምኩ ወዲህ ወፈርክ ይሉኛል፤ ውሸት ነው፣ ሱሪው ነው የጠበበው። ሰናይት ሃውቶርን ሰፈር አፓርትመንት ተከራይታ ወጣች፤ እሁድ እሁድ ኢንግልዉድ እኔ ቤት እየመጣች ታበስልልኛለች። አንቺ ትተኚበት የነበረው ክፍል በመጻሕፍቴ ተሞልቷል። ብታይው አንድ ቀን አያድርም ነበር፣ መጽሐፉን ሁሉ አውጥተሽ ትጥይው ነበር።

እዚህ ሦስት ወር የቆየሽ ጊዜ ሰው ሁሉ እንግዳውን ሆሊዉድ ሲወስድ እኔ አንቺን ሳን ፔድሮ የድሮ ምሽግ ለማሳየት ወሰድኩሽ። ከባሕሩ በላይ፣ መድፉ ተተክሎበት የነበረው ክብ የሲሚንቶ ጉድጓድ አጠገብ ቆመን ነፋሱ ነጠላሽን ሲታገልሽ፣ አየር ማረፊያ ተራ ስጠብቅ ታክሲ ውስጥ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩልሽ። መድፎቹ በባሕር የሚመጣ ጠላት እንዲጠብቁ መተከላቸውን፣ ለልምምድ ሲተኮሱ የሰፈሩን መስኮት እየሰባበሩ ነዋሪውን ማማረራቸውን፣ በኋላም ተነቅለው መወሰዳቸውን ነገርኩሽ። ግድግዳውን በመዳፍሽ መታ መታ አድርገሽ «ታዲያ ጠላቱስ?» አልሽኝ። አልመጣም አልኩሽ። «እሰይ! ሲሚንቶው ግን አንጀቴን በላው፤ ስንት ቤት ይሠራ ነበር!» ብለሽ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደሽ ቁጭ አልሽና ቆሎሽን አወጣሽ። እዚያ ውስጥ ነፋስ እንደማይደርስ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስመላለስ ውጭ ቆሜ ነበር የምንቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲህ የማኅበራችን ሰዎች በዓመት አንድ ቅዳሜ እዚያው ወርደው ምሳ ይበላሉ፣ እኔ ታሪኩን አስረዳለሁ።

ሞትሽን በደበቁኝ ሳምንት፣ ያን ቅዳሜም በሁለት ቫን ሄድን። ተላጭቼ፣ ከረባት አስሬ ነበር። ጌታሁንን ታውቂዋለሽ፣ ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ያለው። እኔ አፌን ስከፍት እሱ ይቃወማል። «ፕሮፌሰር፣ ይሄ እኮ የመኪና ጋራዥ ነው» ይለኛል በየዓመቱ። ያን ቀን ግን ጸጥ አለ። የግድግዳውን ውፍረት ተናገርኩ፣ ጸጥ። ጥይቱ ከማከማቻው እንዴት ተገፍቶ እንደሚወጣ አስረዳሁ፣ አሁንም ጸጥ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው አላቋረጠኝም። አንዷ ሴት ዓይኗን ስትጠርግ አይቼ፣ ታሪኩ ገባት ብዬ ድምፄን ጨመርኩ። ስንመለስ ጌታሁን ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። በመጨረሻ ሰው ሆኑ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ያን ጊዜ የቅዳሜው ጸጥታ ገባኝ።

ጌታሁንን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውኩት። ሱቁ ጋ ስደርስ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ሰናይትንም ይህን ነገር በፊቴ የሚያነሳ ከቤቴ ይወጣል አልኳት። ሰውም ቃሌን ስለሚያውቅ ዝም አለ።

ባለፈው እሁድ ግን ሾርባ እየጠጣን ሳለ ሰናይት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ኦኬ፣ ከፈለግህ አስወጣኝ፣ ግን ሊስን አድርገኝ። እትዬ ራሷ ናት ያለችው! ሆስፒታል ሆና ጌታሁን ጋ ደውላ፣ ‹ብሞት ጉዞውን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው እሱን ነው› ብላ አስምላዋለች።» ለምን እስካሁን አልነገራችሁኝም ብላት «እንዴ! አንተው አይደለህ እንዴ አፋችንን የዘጋኸው?» አለችኝ።

አንቺ ነሽ ለካ! ሾርባው ትን እስኪለኝ ሳቅሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ የምበላውንም የምለብሰውንም የምትወስኚው አንቺ ነበርሽ፤ ሞትሽንም የምሰማበትን ቀን ወሰንሽልኝ። ትክክል አላደረግሽም፣ እትዬ። ይህን አስተያየቴን አልለውጥም። ልቀብርሽ መብቴ ነበር። ጌታሁን ግን ለአንቺ የማለውን ጠብቆ፣ ሰባት ወር ሙሉ የእኔን ፊት ችሎ፣ ራሱን ለማዳን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን እናገር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ገባሁ። ሻይ ቅጠል ስጠኝ አልኩት። ከመደርደሪያው እያወረደ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ፕሮፌሰር፣ የዘንድሮው ጉዞ መቼ ነው?» አለኝ። «መቼ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ዘንድሮ ግን ዝም ካልክ አልወስድህም» አልኩት። ወንበር ሳበልኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ስንከራከር ቆየን።

በሕይወት እስካለሁ ስምሽን ሳልጠራ የማድርበት ቀን አይኖርም። ሳቅሽን፣ ቁጣሽን፣ ያሳደግሽኝንም እጅሽን አልረሳም። ስለ ስምንቱ ቀን ግን ለሰናይትም፣ ለጌታሁንም፣ ለአንቺም ቢሆን ከዛሬ በኋላ ከአፌ አንድ ቃል አይወጣም።

ወንድምሽ