ሥራ ለመግባት ቤታቸውን የሚዞሩት አባታችን

አባታችን ከጫማ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። እናታቸው የሰፈሩን እናት ሁሉ ሲያዋልዱ ስለኖሩ የራሳቸውን ልጅ የወለዱበትን ሰዓት በትክክል የያዘላቸው ሰው አልነበረም፤ አንዷ አክስታቸው «ጠዋት ነው» ሲሉ፣ ሌላይቱ «ኧረ ምሳ በልተን ነበር» ይሉ ነበር። አባታችን ከሁለቱም የሚጥም ሦስተኛ ታሪክ ነበራቸው፤ እሱን ግን ማንም አላመነውም።

ማንበብ የጀመሩት ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። አያታችን የጠገኑትን ጫማ ለደንበኛ የሚመልሱት በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው ስለነበር፣ አባታችን ወረቀቱ ከጫማው ጋር ከመሄዱ በፊት ተሽቀዳድመው ያነቡት ነበር። ችግሩ ጋዜጣው ሁልጊዜ ቅዳጅ መሆኑ ነው። ሌባው ተይዞ እንደሆነ፣ መርከቡ ደርሶ እንደሆነ የሚናገረው ግማሽ በሌላ ሰው ጫማ ላይ ተጠቅልሎ ሄዷል። ስለዚህ የጎደለውን ከራሳቸው እየሞሉ ለወንድሞቻቸው ያወሩ ነበር። አንድ ቀን ጫማቸውን የሚጠብቁ ደንበኛ ይህን ሰምተው የዜናውን እውነተኛ መጨረሻ ቢነግሯቸው፣ «የእኔ ይሻላል» ብለው መለሱ፤ ለዚህም ከአባታቸው አንድ ኩርኩም ቀመሱ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በተወለዱበት ከተማ አጠናቀቁ። በሒሳብ ደካማ ነበሩ፤ ራሳቸው ለሰው ሁሉ የሚናገሩት ስለሆነ ዛሬ የምንሸፍንበት ምክንያት የለም። በሃያ ሁለት ዓመታቸው በአንድ የመድን ድርጅት የደብዳቤ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ለደንበኞች ካሳ እንደማይከፈላቸው መግለጽ ነበር። እሳቸው የጻፉት የእምቢታ ደብዳቤ የደረሰው አንድ ባለመኪና አበባ ይዞ ሊያመሰግን እንደመጣ፣ የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ከወጡ በኋላም ሲያወሩት ኖረዋል። ሁሉም ሲስቅ አባታችን ግን ቀኑን ሙሉ ሲጨነቁ ዋሉ። «ሰውዬው መከልከሉ አልገባውም እኮ» ይሉ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ሥራቸውን ለቀው በግላቸው የሚሠሩ ጸሐፊ ሆኑ። አያታችን ይህን ሲሰሙ፣ ተቀምጦ ለመጻፍ ብሎ ወንበርም ደመወዝም ያለበትን ቤት ለቆ የራሱን ወንበር የሚገዛ ሰው በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

ከእናታችን ጋር ያገናኛቸው የሳል መድኃኒት ነው። አንድ መድኃኒት አምራች ከጠርሙሱ ጋር የሚታሸገውን የአወሳሰድ መግለጫ እንዲጽፉ አዟቸው ስለነበር፣ ሰው ምኑ እንደማይገባው ለመጠየቅ ወደ ሰፈሩ ፋርማሲ ሄዱ። ከመደርደሪያው ፊት ቆመው መድኃኒት የሚሸጡት እናታችን ነበሩ። አባታችን ሳል ሳይኖራቸው አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱ። በአሥራ ሁለተኛው እናታችን፣ «እንዴት ነው ነገሩ፣ ወረቀቱ ነው ያላለቀው ወይስ ሳሉ ነው ያልጀመረዎት?» ብለው ጠየቋቸው። አባታችን በሠላሳ ዓመታቸው ትዳር መሥርተው በመጀመሪያ ወንድሜን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ይህን የምጽፈውን እኔን ወለዱ።

ያደግንበት ቤት ሁለት በር ነበረው። አባታችን ሁልጊዜ ጠዋት ፂማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ እናታችንን ተሰናብተው በጓሮው በር ይወጣሉ። ቤቱን ዞረው፣ ከዳቦ ቤቱ ጋ ታጥፈው፣ በፊት ለፊቱ በር ይገቡና መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ናቸው። ውኃ እንኳ ብንፈልግ ጠረጴዛውን አንኳኩተን ነው። ምሳ ሲደርስ እንደገና ዞረው በጓሮ ይመለሱና «እንዴት ዋላችሁ?» ይሉናል፤ እኛም የት እንደዋሉ የማናውቅ መስለን እንጠይቃቸዋለን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ግን ቀኑን ሙሉ በመስኮት ስለሚያዩዋቸው፣ ሥራ እንዳጣ ሰው አዝነውላቸው፣ «አይዞዎት፣ አንድ ቀን ይገኛል» እያሉ ለዓመታት አጽናንተዋቸዋል። አባታችንም አመስግነው ያልፋሉ።

የማይጽፉት ነገር አልነበረም። የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ የምረቃ ንግግር፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የሲሚንቶ አጠቃቀም። ጽፈው ሲጨርሱ ለእናታችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸዋል። እናታችን «እሺ፣ ከዚያስ?» ካሉ ጽሑፉ ደህና ነው ማለት ነው። ወጡን ላየው ብለው ከተነሡ ግን አባታችን ያን አንቀጽ ሳይከራከሩ ይሰርዙታል። ትምህርት ቤት ወንድሜን አባቱ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቁት «ይጽፋል» አለ፤ «ምን?» ሲሉት «ያዘዙትን» ብሎ አስቋቸዋል። ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ የሰማሁት የጽሕፈት መኪና ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል። ድምፁ ከቆመ አባታችን ቃል ጠፍቷቸዋል ማለት ነበርና እኛም አብረን ዝም እንል ነበር።

በአርባ አንድ ዓመታቸው አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ «ከቤታችን ጠረጴዛ» የሚል ዓምድ ሰጣቸው። ለሃያ ዓመት ሳያቋርጡ የጻፉት እሱን ነው። የዓምዱ ሰዎች እኛው ነበርን። እናታችን «ዋና አዘጋጇ»፣ እኔ በክርክሬ «ጠበቃዋ»፣ ወንድሜ ደግሞ «ሻማው»፤ በዘጠኝ ዓመቱ የግድግዳውን ማብሪያ ፈትቶ ቤቱን ሁሉ ጨለማ ስላደረገው። ኋላ አድጎ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲሆን አንባቢዎች ለጋዜጣው የደስታ ደብዳቤ ጽፈዋል። ጋዜጣ በሚወጣበት ቀን ትምህርት ቤት ስደርስ ሰው ሁሉ የቤታችንን ወሬ ያውቀዋል፤ እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሜን ግን ደስ ይለው እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ወንድሜ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሊያገባ ቀን ቆርጦ ነበር። አንድ ቀን ከአባታችን ጋር ብቻቸውን በእግር ሲሄዱ ልቡ እንደፈራ ነገራቸው። ልጅቷን እንደሚወዳት፣ ግን አባቷ በተናገሩ ቁጥር እድሜ ልኩን ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሆኖ እንደሚታየው፣ አንዳንዴም ሁሉን ትቶ መጥፋት እንደሚያምረው ነገራቸው። አባታችን መከሩት፤ ቀለል ብሎት ተለያዩ። በሳምንቱ ጽሑፍ ማስረከቢያቸው ደርሶ ወረቀታቸው ባዶ ነበር። «አንድ የማውቀው ወጣት» ብለው ጻፉት። አንባቢው ግን ሃያ ዓመት የሚያውቀውን ልጅ አያጣውም። የልጅቷ አባት ደግሞ ዓምዱን ቁርስ ላይ ለቤተሰባቸው ጮክ ብለው የሚያነቡ ሰው ነበሩ።

ጋብቻው ቀረ። ወንድሜ ጋዜጣውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አባዬ፣ እኔ የነገርኩህ ላንተ ነበር» ብሎ ወጣ። ለዘጠኝ ዓመት አባታችን ባሉበት ቤቱን አልረገጠም። እናታችንን የሚጎበኘው አባታችን ሲወጡ ነበር፤ እሳቸውም ይህን ስላወቁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሳይኖራቸው ይወጡለት ነበር። ኋላ ሌላ ሴት አግብቶ ልጅ ሲወልድም አባታችን አልተጠሩም። የሕፃኗን ፎቶግራፍ ያዩት ከእናታችን ቦርሳ ውስጥ ነው።

አባታችን፣ ወንድሜ ጋዜጣውን አስቀምጦ በወጣ በነጋታው፣ ጋዜጣው ቢሮ ሄደው ዓምዱን ተሰናበቱ። አዘጋጁ ቢለምኗቸው፣ ቢለምኗቸው እንቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ያለበት ጽሑፍ አልጻፉም። የማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የውኃ ማሞቂያ መመሪያ ብቻ ይቀበሉ ነበር። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው፣ «ማቀዝቀዣ አይቀየምም» አሉኝ። ይቅርታ ለመጠየቅም ብዙ ደብዳቤ ጀምረዋል። አንዱን አንብቤ በጣም ያምራል ብላቸው፣ «ችግሩስ እሱ አይደል፤ ራሱን የሚወድ ደብዳቤ ነው» ብለው ቀደዱት። እናታችን በበኩላቸው «ለልጅህ ነው ወይስ ለጋዜጣ የምትጽፈው? እንደ ሰው ደውለህ ንገረው እንጂ» ይሏቸው ነበር። ስልኩን አንሥተው ቁጥሩን ሳይጨርሱ መልሰው ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚናገረውን ሲጽፉ የኖሩት አባታችን ለልጃቸው የሚሉት አጥተው ነበር፤ እኔም በዚህ ብዙ ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ።

በሰባ ዓመታቸው ስትሮክ አገኛቸውና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል በነበሩበት ሳምንት ወንድሜ እየመጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሐኪሙን ይጠይቅ ነበር፤ የሚገባው ግን ሲተኙ ብቻ ነው። ቤት ሲመለሱ በእጃቸው የነበረው ሥራ የአንድ የውኃ ፓምፕ መመሪያ ነበር፤ የማስረከቢያው ቀንም ቀርቧል። እኔ ሌላ ከተማ አስተምራለሁ። እናታችን ኮምፒውተር የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው፤ የፓምፑ ሽቦ አገጣጠም ደግሞ ለሁለቱም አልገባቸውም። እናታችን ለወንድሜ ደወሉና «የኤሌክትሪኩ ነገር ግራ ገብቶናል፣ ና» አሉት። ስለ ይቅርታ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ወንድሜ በፊት ለፊቱ በር፣ የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው እንዳነገተ ገባ። ጤናቸውን ጠየቀ፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ፤ አባታችን እየተናገሩ እሱ ይጽፍ ጀመር። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የሰሙት ልብስ ሲተኩሱ የነበሩት እናታችን ናቸው። አራተኛው ተራ ቁጥር ላይ ወንድሜ ቆመና፣ «አባዬ፣ በዚህ መመሪያ ከሆነ ሰውዬው ይሞታል» አለ። ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይመታ የሚከላከለው የመሬት ሽቦ ሳይታሰር መብራቱ እንዲለቀቅ አስጽፈውት ነበር። አባታችን «ስንት ዓመት ሰው ስፈጅ ኖርኩ ማለት ነው!» ብለው ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። አምስተኛው እንዳለቀ አባታችን፣ «ያን ጊዜ ሳልጠይቅህ ጻፍኩት» አሉት። ወንድሜም ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አውቃለሁ። ቀጥል፣ ስድስት ላይ ነን» አላቸው።

መመሪያው በሰዓቱ ደረሰ። ወንድሜም በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣ፣ ከፓምፑ በኋላ የውኃ ማሞቂያውን፣ ከዚያም የጄኔሬተሩን መመሪያ አብረው ጻፉ። ልጁንም ይዞ መጣ፤ አያቷ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠረጴዛውን እንድታንኳኳ አስተማሯት። በዚህ ዓመት ውስጥ ያየኋቸው አባታችን ከልጅነቴ ጀምሮ ከማውቃቸው ይልቅ ልባቸው የቀለላቸው ሰው ነበሩ። ሕመሙ ባለፈው ወር ዳግመኛ ጸናባቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ለብቻው ፈለጉት፤ እናታችንም በሩን ዘጉላቸው። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁላችንም ባለንበት፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የጋዜጣውን ነገር ዛሬ እንዳላነሣ ዘመድ መክሮኝ ነበር፤ ለቀብር አይሆንም፣ ይቅር ተብሎ። እኔ ግን ያልተቀበልኩት ምክር እሱ ብቻ ነው። የጻፍኩትን ትናንት ለወንድሜ ወስጄ፣ አንድ ቃል እንኳ ከመታተሙ በፊት እንዲያነበው ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበ። «ታረቁ» ብዬ የጻፍኩበትን ቦታ በእርሳስ ሰረዘና፣ «እርቅ አትበይው፤ ሥራ ነው የሠራነው» አለኝ። የቀረውን ፈቀደልኝ።

አባታችን የአርባ አንድ ዓመት የትዳር አጋራቸውን እናታችንን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ያላለቀ የልብስ ማድረቂያ መመሪያ ትተው አልፈዋል፤ መመሪያውን ወንድሜ ይጨርሰዋል። ፈጣሪ ለደከመች ነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለእናታችን ብርታትን ይስጥልን፤ እስከ መቃብር አብራችሁን ለመጣችሁ ሁሉም እግራችሁ አይድከም።

እሑድ ዕለት በሩ ተዘግቶ በቆየበት በዚያ አንድ ሰዓት አባታችን ለወንድሜ ምን እንደነገሩት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። እኔም አልጠየቅሁትም።