የመቲ ገደል ካስማዎች

ወዳጄ ተሰማ፣

አሁን ያለሁት መቲ የሚባል አገር ነው። ማር ቆራጮች ገደሉን ሲወርዱ ገመዳቸውን የሚያስሩባቸው የብረት ካስማዎች ዝገው ስላገኘኋቸው፣ ከአገሬው ጋር ያለ ክፍያ እየቀየርናቸው ነው። እዚህ ደንቡ፣ ካስማ የተከለ ሰው ቀድሞ ራሱ ይንጠለጠልበታል። ዛሬ አንድ ወጣት ሹም መጥቶ፣ "አባባ፣ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ባለሙያ እስኪላክ ያቁሙ" አለኝ።

"ማሩ ደርሷል፤ ሰዎቹ እሁድ ይወርዳሉ። ባለሙያህ እስከ እሁድ ይደርሳል?" አልኩት።

ተሰማ፣ እኛስ ገደል አናት ላይ ወዳለው ደብራችን የምንወጣበትን ጠፍር፣ ያን የቆዳ ገመድ፣ ስንቀይር ማንን አስፈቀድን? ሹሙ እያየኝ በተከልኩት ካስማ ላይ ገመዴን አስሬ ገደሉ ላይ ተንጠለጠልኩ።

"ኧረ ይውጡ አባባ፣ ይወድቃሉ!" ብሎ ጮኸ።

ካስማው ንቅንቅ አላለም፤ እኔም እንደዚያው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ። ባለቤቴ አበዛሽ መቼ ይመለሳል ካለችህ፣ ሰባት ካስማ ቀርቶታል በላት።

አያልነህ