ሾፌሩ የገባበት መኪና

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ በጣም ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ተሽሏት ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውረድ ጀምራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ላይ ቁጭ ብለን ፊልም አየን። አንድ ሚኒስትር ሰው ያስገድላል። ይህን ያየው ሾፌሩ ፍርድ ቤት ይመሰክርና ሲወጣ፣ በር ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ!

እማዬ «የፖሊስ መኪና ነው፤ ከሚኒስትሩ ሰዎች ሊያሸሹት ነው» ብላ ድርቅ አለች። ባለቤቴ ግን መጨረሻውን መልሶ ከፈተና፣ «በሩን ከውጭ ነው የቆለፉበት፤ እጀታውን ሲፈልግ አታዩም?» አለን።

«አንተ ደግሞ! ፊልም እኮ ነው» ብላ ሳቀችበት። እሱ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

እሱም በቀድሞ አለቃው ጉዳይ እንዲመሰክር ተጠርቷል፤ ቀጠሮው ሰኞ ነው። ሰሞኑን የመሥሪያ ቤቱን መኪና ትቶ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ቦርጩም ቀነስ ብሎለታል።

ይልቅ ልጆቹ አጎታችን ጋ ካልሄድን ብለው አስቸግረውኛል። እሁድ ብልካቸው ትቀበላቸዋለህ? ትምህርት ገና አልተዘጋም፤ ግን ግድ የለም። ብርዱ ሩቅ ቢሆንም ሹራባቸውን ሁሉ ከሻንጣው ከትቻለሁ።

ሰላምህ ይብዛልኝ፤ መልስህን ቶሎ አድርስልኝ።

እህትህ